የምርቃት ጣባ

«ሸክላ ለመሥራት መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ቃል ‹ጭቃ› ነው» አለን መምህሩ፤ በጥቁር ሰሌዳውም ላይ በትልልቁ ጻፈው። እኔ ጭቃ ውስጥ ተወልጄ ጭቃ ውስጥ ያደግኩ ነኝ። ጭቃ የሚባል ነገር መኖሩን ከአዲስ አበባ በመጣ፣ ክራቫት ባሰረና እጁን በየደቂቃው በመሐረብ በሚጠርግ ሰው አፍ ስሰማ ሳቄ መጣ። ግን ዋጥኩት። እዚያ የተቀመጥኩት ለመሳቅ አልነበረም፤ ፊደል ለመቁጠር ነበር።

ነገሩ የሆነው ቡታጅራ ውስጥ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። የጃንሆይ ፎቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ቀን ይወርዳል ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም። እኔ ለትዳር የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ሸክላ እሠራለሁ፤ በገበያ ቀን እንስራ አዝዬ እወርዳለሁ። ከገበያው ወደ ሰፈራችን ስንመለስ በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ አየዋለሁ። ምን እንደሚል አላውቅም። አለማወቄ ያናድደኝ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ፣ በየበሩ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪነት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ስም አለው። ፉጋ ይሉናል። ፉጋ የተባለ ሰው ከሌላው ጋር አይጋባም፣ ከአንድ ገበታ አይቆርስም፣ የሰው ቤት ደጃፍ አልፎ አይገባም። የሠራነው ድስት ግን ይገባል። ድስታችን ምድጃቸው ላይ ይጣዳል፣ እንስራችን ጀርባቸው ላይ ይታዘላል፣ ጋናችን ጓዳቸው ውስጥ ይቆማል፤ እኛ ግን ደጅ እንቀራለን። እጃችን የረከሰ ነው፤ የእጃችን ሥራ ግን በሆነ ተአምር ንጹህ ነው። ይህን ነገር እንዴት አድርገው በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እንደሚያኖሩት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንዲገባኝም አልፈልግም።

እናቴ ትልቅ ዕቃ ለገዛ ሰው አንዲት ጣባ ትመርቅለት ነበር። ጣባ ትንሽ ጎድጓዳ የሸክላ ዕቃ ናት፤ ውሃም ጠላም ይጠጣባታል። ደንበኛዋ ሀብታም ከሆነ ዕቃውን ቤቱ ድረስ ተሸክመን እናደርሳለን። እናቴን በመንገድ ይጠማታል፤ ውሃ ስትጠይቅ ያችኑ የመረቀቻትን ጣባ ሞልተው በአጥር በኩል ያቀብሏታል። ቆማ ትጠጣለች፤ ጣባዋን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። ጥቂት እንደራቅን ጣባዋ ከአጥሩ ጀርባ ስትከሰከስ እንሰማለን። አንድ ጊዜ እሷ ከጠጣችባት ሌላ ሰው አይጠጣባትማ! እናቴ ድምፁን ሰምታ ዞር ብላ አታውቅም። እኔ ግን እዞር ነበር፤ ማን እንደወረወራት አይቼ ፊቱን እይዝ ነበር።

ትምህርቱን ያመጣችው የወረዳው ገዢ ሚስት ናት። ያኔ አንቱ እላት ነበር። ዛሬ እዚህ ወረቀት ላይ የሚያስገድደኝ ስለሌለ አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ይህም እንዳይታወቅባት ትሞት ነበር። ወረቀት ሲሰጧት «መነጽሬን ረስቼው መጣሁ» ትላለች፤ መነጽር ኖሯት አያውቅም። ፊደል መማር ፈለገች፤ ግን የገዢ ሚስት በገረዶቿ ፊት ፊደል ስትቆጥር ልትታይ ነው? ታዲያ ዘዴ አገኘች። የአውራጃው ሹም በአንድ በዓል ላይ «ሥራን መናቅ ይቅር፤ ሸክላ ሠሪውም አንጥረኛውም ይከበር» የሚል ንግግር አድርገው ነበር። እሷም ንግግሩን ይዛ «የሸክላ ሥራ ትምህርት ለወይዛዝርት» የሚባል ነገር አቋቋመች። ጠዋት ስለ ሸክላ እንማራለን፤ ከዚያ ደግሞ መቼም ቃላቱን ለመጻፍ ፊደል ያስፈልጋል ተብሎ ፊደል እንቆጥራለን። በዚህ ብልሃቷ ብቻ አደንቃታለሁ። ሌላው ሁሉ ከንቱ ነበር።

መምህሩ የሸክላ ቃላትን ያውቃል፤ አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር ግን አያውቅም። ስለዚህ እናቴ ተጠራች። ከገዢው ግቢ በር ላይ ቆመን፣ ሴትዮዋ ከበረንዳዋ ላይ ሆና አናገረቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አፈሩን እንዴት እንደምትመርጪ፣ እሳቱን እንዴት እንደምታነጂ ለወይዛዝርቱ ትነግሪያለሽ።»

«የት ሆኜ ልንገር፣ እሜቴ?» አለች እናቴ።

«በመስኮት ነዋ! ውስጥማ እንዴት ይሆናል?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። እናቴ ትሑት ሴት አልነበረችም፤ ይህን ማንም አይሳሳት። በዓይኗ በረንዳውን፣ ሴትዮዋን፣ የሴትዮዋን ነጭ ነጠላ ከላይ እስከ ታች ለካችው። «በመስኮት ይሁን» አለች። «ሌላ ነገር አልጠይቅም። ልጄ ግን ውስጥ ትቀመጥ። ፊደሉ እስኪያልቅ።»

ሴትዮዋ ፊቷን ብታጨማድድም እሺ አለች፤ ሌላ እሺ የሚላት ሸክላ ሠሪ አልነበረማ። ዘመዶቻችን ግን በእናቴ ላይ ተነሡባት። «ሙያችንን ለነሱ አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው? ነገ ድስታቸውን ራሳቸው ሠርተው ማን ይገዛልናል?» አሏት። እናቴ «እነሱ? እነሱ ድስት ሊሠሩ?» ብላ እስክትታመም ድረስ ሳቀች።

የተማርነው በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወይዛዝርቱ ረዣዥም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። ለእኔ በሩ አጠገብ ለብቻዋ የቆመች ዱካ ተሰጠችኝ፤ ልብሴ ልብሳቸውን እንዳይነካ። ስገባ ሰላም የምትለኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የመስቃን ነጋዴ ሚስት፣ ሙስሊም። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ» ትለኛለች፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ትሄዳለች። ይህም በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ነበር።

እንግዲህ የሸክላ ትምህርት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። መምህሩ «የዕቃ አካላት» ብሎ ከላይ ጻፈ። ቀጥሎ የእንስራ ሥዕል ሣለ፤ ሥዕሉ ዱባ ይመስል ነበር። በየቦታው እያመለከተ ስሞቹን አስባለን፦ አፍ፣ ከንፈር፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ሆድ። ወይዛዝርቱ እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ይመልሳሉ። ወደ ታች ሲወርድ ግን ጠመኔው ቆመ። ፊቱ ቀላ፤ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ «መቀመጫ» ብሎ ጻፈ።

«ቂጥ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ በመስኮት። «ድስት ቂጥ ነው ያለው።»

ወይዛዝርቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የገዢው ሚስት «ባለጌ!» አለች፤ ያውም ወደ መስኮቱ ሳታይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ድስት ሁሉ መቀመጫ ኖረው። እነዚያ ሴቶች የተቀመጡበት ነገር ምን እንደሚባል ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ወንበሩ ያውቀዋል።

ጭቃውን ሲያቦኩማ ባያችኋቸው! ቀለበታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው፣ በሁለት ጣታቸው ብቻ ቆንጠር ቆንጠር ያደርጉታል። ጭቃ በክንድ፣ በትከሻ፣ በወገብ ነው የሚቦካው። እናቴ ከመስኮቱ ሆና «ጫን በሉት! ጭቃው አይነክስም!» ትላለች፤ እነሱም «ውይ፣ ጥፍሬ!» ይላሉ። እኔ በጥግ የራሴን እፍኝ ጭቃ ይዤ፣ አሥር ጊዜ ሠርቼ አሥር ጊዜ አፍርሼ፣ የእነሱን ጣቶች እያየሁ እንቃለሁ። ንቀቴ ያጠግበኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ማንንም ለመናቅ ዕድል አግኝቼ አላውቅም።

ከቃላቱ ሁሉ አንዱ አስቸገራቸው፤ ገል። ገል የተሰበረ ሸክላ ነው። መምህሩ በደንብ አስረድቷቸዋል፤ ገሉ ደቆ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ካልተለወሰ ዕቃው እሳት ላይ ይፈነዳል። ሁሉም «ገል» ብለው ከሰሌዳው አሳምረው ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ፣ ከገበያው ዳር ካለው ጉድፍ መጣያ ገል ይምጣ ቢባል ጮኹ።

«የማን አፍ እንደነካው በማይታወቅ ገል ልንሠራ ነው?» አለች የገዢው ሚስት። «የእስላም ይሁን፣ የክርስቲያን ይሁን፣» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ መስኮቱ በአገጯ እያመለከተች «የማን ይሁን በምን ይታወቃል? በንጹህ አፈር ብቻ ይሠራ።»

መምህሩ ጫማውን አየ። ገል እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ሴትዮዋ እንደምትፈራም ያውቃል፤ ሁለተኛው እውቀት በለጠበት። እናቴ «ይፈነዳል» ብላ አንድ ጊዜ ተናገረች፤ አልደገመችም።

ዕቃዎቹ ደረቁ። በመጋዘኑ ጀርባ ገረዶቹ ኩበትና ጭድ ደረደሩ፣ እንጨት ጨመሩ፣ እሳቱ ተለኮሰ። ወይዛዝርቱ ጥላ ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ጧ! አለ። ደግሞ ጧ! ደግሞ! እያንዳንዷ የገዛ ድስቷ የፈነዳ እየመሰላት ታማትባለች፤ ያልፈነዳ ግን አልነበረም። እሳቱ ሲከስም ከአመዱ ውስጥ የወጣው ፍርካሽ ብቻ ነው።

ገል ስላልገባበት ነው ያለ ሰው የለም። «ዓይን ነው» አሉ። «በመስኮቱ እያየችው ቡዳ በልቶት ነው።» እኛን ቡዳ ማለት ልማዳቸው ነው፤ ጥጃ ቢሞት እኛ ነን፣ ሕፃን ቢታመም እኛ ነን፣ አሁን ደግሞ የእነሱ ስንፍና ሲፈነዳ እኛ ሆንን። በማግስቱ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እንድታስተምር ተወሰነ፤ ድምጿ ይግባ፣ ዓይኗ ግን አይግባ ተባለ። አስተማሪዋን በጨርቅ የሚጋርድ ትምህርት ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ቀጥሎ የእኔ ተራ መጣ። «ይህችም ዓይን አላት፤ ትውጣ» አሉ።

ያን ጊዜ የደረስነው «በ» ላይ ነበር። ከ«በ» ጀምሮ ያለው ፊደል ሁሉ፣ የሱቆቹ በሮች ሁሉ፣ ሊዘጋብኝ ነው። ያኔ ያን ክራቫታም ሰው መለመን አማረኝ፤ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። የሚገርመው፣ ሳልለምነው ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ዓይን አይደለም፤ ገል ስላልገባበት ነው። ገሉ… ከየራሳችሁ ግቢ ቢመጣስ?»

የገዢው ሚስት አሰበች። «ከየራሳችን ግቢ ከሆነማ ንጹህ ነው» አለች። እኔም እንድቆይ ተፈቀደልኝ፤ ብቻ ዓይኔ ዕቃዎቹ ላይ እንዳያርፍ ዱካዬ ዞራ ፊቴ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሆነ። ከዚያ ሌላ ነገር እንዳላይ ተከለከልኩ። ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለልኝ ሰው የለም።

በሳምንቱ ገረዶቹ ገሉን በቅርጫትና በጆንያ አመጡ፤ በሩ አጠገብ፣ እግሬ ሥር ዘረገፉት። ዝቅ ብዬ አየሁ።

አስቡት እስቲ፤ የሀብታም ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ሸክላ ይሰበራል? ጥሩ ድስት ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ካልተጠገነ የዶሮ ውሃ ይደረግበታል። ማንም ደህና ዕቃ ሰብሮ ከአጥር ጀርባ አይጥልም። ከአጥር ጀርባ የሚጣል አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ከምትሠራው ዕቃ ሁሉ ከንፈር ሥር በአውራ ጣቷ ጥፍር መስመር ታሰምራለች፤ መጨረሻው እንደ ማጭድ የሚታጠፍ። እግሬ ሥር በተዘረገፈው ክምር ላይ ማጭዱ በየቦታው ይታያል። ሁሉም ጣባ ነበር። እናቴ የጠጣችባቸው ጣባዎች ሁሉ፣ ከየአጥሩ ጀርባ ተለቅመው፣ ንጹህ ገል ተብለው መጡ።

ብድግ ብዬ ልጮህ ነበር። መጋረጃው በነፋስ ገለጥ አለ፤ እናቴ ከውጭ ክምሩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። መጋረጃው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ፣ የእንሰኖ አውቶቡስ አቧራውን አልብሶን ካለፈ በኋላ ነው የተናገርኩት። «እማ፣ ያ ገል…»

«አይቼዋለሁ» አለችኝ በቋንቋችን። «ፊደሉ የት ደረሰ?»

«‹ወ› ላይ።»

«ስንት ቀረው?»

«ብዙ።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። መንገዷን ቀጠለች።

አፌን ዘጋሁ። ገሉ ተወቀጠ፣ ተነፋ፣ ከጭቃው ጋር ተለወሰ፤ የተረፈው በጆንያ በሩ ጥግ ቀረ። ወይዛዝርቱ በዚህ ጭቃ ኮሩበት፤ «የራሳችን ነው፤ ከየቤታችን ነው» እያሉ አሁን በሙሉ እጃቸው ያቦኩት ጀመር። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አድርጌ «ዘ፣ ዠ፣ የ» እላለሁ፤ ጥርሴ ግን ይንቀጫቀጫል። እናቴ ዝም ብላ የቻለችውን እኔ አንድ ጠዋት እንኳ ዝም ብዬ መቻል አቃተኝ።

እሷ ግን ዝም አላለችም ነበር፤ በራሷ መንገድ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ድምጿ መጣ።

«እሜቴ፣ ገሉ በደንብ መድቀቁን በምላስ ነው የሚለዩት። ትንሽ ቀመስ ያድርጉት። የሚሻክር ከሆነ ይደገም።»

እናቴ በሕይወቷ ጭቃ ቀምሳ አታውቅም። በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ነው የምታውቀው። የገዢው ሚስት ግን፣ በዓይኔ ጥግ እንዳየሁት፣ ከጭቃው ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረች፤ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው። «ልስልስ ብሏል» አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ቀመሱ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «መቅመስ» ብሎ ጻፈ። የመስቃኗ ሴት «ወላሂ፣ አፈር አፈር ነው የሚለው» ብላ ተፋችው። እኔ መቀመጫዬን ይዤ እንዳልወድቅ ታገልኩ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አፍኖ የያዘኝ፣ አሁንም አላውቅም።

ሁለተኛው እሳት አልፈነዳም። ዕቃዎቹ፣ ድስቱም እንስራውም ጣባውም፣ ድነው ወጡ። አንዱ ተንጋዷል፣ የአንዱ ጆሮ ከአንዱ ጆሮ አይገጥምም፣ የገዢው ሚስት ድስት እንደ ባሏ ሆድ ወደ አንድ ጎን ያብጣል፤ እኛ ቤት ቢሆን ለውሻም አይቀርብበትም። ግን ድነዋል። «አያችሁ፣ ከንጹህ እጅ ሲወጣ?» አለች ሴትዮዋ፤ የአውራጃውን ሹም አስጠራች።

ሹሙ በላንድሮቨር መጡ። መጋዘኑ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ዕቃዎቹ ተደርድረዋል። ሰሌዳው ላይ ጽሑፍ አለ። እኔ እንደ ልማዴ ዱካዬ ላይ ልቀመጥ ስል የገዢው ሚስት በክንዷ መለሰችኝ። «ዛሬ እንግዳ አለ፤ አንቺ ከውጭ ሁኚ።» ወጥቼ ከእናቴ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ነው ከሁሉ የበለጠ የጠላኋት። ከእነዚያ ሴቶች ሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት እኔ ነበርኩ፤ መምህሩም ያውቃል፤ ቃል አልተነፈሰም።

በጨርቁ ቀዳዳ እናያለን። አዲሶቹ ጣባዎች ተሟሽተው ጠላ ተቀዳባቸው። ሹሙ ስለ ሥራ ክቡርነት ያንኑ ንግግር ደገሙት። ከዚያ ጎንጨት አሉና ጣባዋን እያገላበጡ «ግሩም ነው! ከምን ከምን ነው የተሠራው?» ብለው ጠየቁ። የገዢው ሚስት የተማረችውን ደረደረች፤ ጭቃ፣ ውሃ፣ ገል።

«ገል ደግሞ ምንድን ነው?»

«የተሰባበረ ሸክላ ነው፣ ክቡርነትዎ። ግን ከየመንገዱ የተለቀመ አይደለም። ከየቤታችን ነው፤ ንጹህ ነው» አለች፤ እሷም ከጣባዋ ተጎነጨች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ፊደሉ አለቀ?» አለችኝ በቋንቋችን።

«አለቀ።»

«ሁሉም?»

«እስከ ‹ፐ›።»

«ያ ሰሌዳው ላይ ያለው ምን ይላል?»

በቀዳዳው አየሁ። «‹እንኳን ደህና መጡ› ነው የሚለው» አልኳት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ መጋረጃውን ይዛ ወደ ታች ሳበችው። ከነሽቦው ወረደ።

«እውነቷን ነው፣ ጌታዬ» አለች፤ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ገሉ ከየቤታቸው ነው። እኔ ውሃ የጠጣሁባቸው ጣባዎች ናቸው። እኔ ስለ ጠጣሁባቸው ሰበሯቸው። አሁን ፈጭተው ጠጡባቸው። ያላመነ ካለ፣ የተረፈው ገል በሩ ጥግ ነው፤ ምልክቴ አለበት።»

ከወይዛዝርቱ አንዷ ሄዳ አንድ ገል አነሣች፤ ማጭዱን አይታ እንደ ፍም ጣለችው። የገዢው ሚስት አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ስትጉመጠመጥና ስትተፋ ይሰማ ነበር። ሸክላ ሠሪ ይከበር ያሉት ሹም ግን አልሮጡም። ጣባዋን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መሐረባቸውን አወጡ፤ ከንፈራቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ከዚያ መሐረቡን ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም፤ ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ወጡ። እኔ ከሁሉ የናቅኩት እሳቸውን ነው። ሴትዮዋ ቢያንስ አላስመሰለችም።

የመስቃኗ ሴት ብቻ የሠራቻትን እንስራ አነሣች፣ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «ውሃ ትይዛለች አይደል?» አለችና ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ የቀረውን ሁሉ በመጋዘኑ ጀርባ ሰባበሩት። ትምህርቱ ተዘጋ፤ መምህሩ በቡኢ በኩል ወደ መጣበት ተመለሰ። እናቴ ባዶ ጆንያ ይዛ ሄደች፤ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመች። «ሁለት ጊዜ እሳት የበላ ገል እንዲህ በቀላሉ አይገኝም» አለች። ፈጭታ ከጭቃችን ጋር ለወሰችው፤ አዲስ ድስትና አዲስ ጣባዎች ሠራን። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ አንዷን ጣባ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ያውም መቀመጫ ሲሉት በከረሙት በኩል።

«ጻፊበት» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«‹ጠጥቼበታለሁ› በይ።»

በእንጨት ጫፍ ጻፍኩት። በሕይወቴ ከሰሌዳ ሳልገለብጥ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። እናቴ ማንበብ ባትችልም ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳለፈች፤ ጭቃ ሲለሰልስ እንደምታውቀው አወቀችው።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን የገዢው ቤት ገረድ መጣች፤ ምን ታድርግ፣ ቤት ያለ ድስት አይሆንማ። ትልቁን ድስት ገዛች። እናቴም ያችን ጣባ መረቀቻት። ገረዷ ገልብጣ አላየቻትም፤ ብታይም አታነብም። እሜቴ ግን ታነባለች፤ አብረን ነው የተማርነው።